ወንጪ መውረዱ ቀላል ነው፤ ቀኑን ከመውጫው ጀምሩት

የደረሰኝ ጥያቄ በአጭሩ እንዲህ ይላል፦ «እህቴ ለገና ከሜሪላንድ ሁለት ልጆቿን ይዛ ትመጣለች። ልጆቹ 6 እና 11 ዓመታቸው ነው። እናታችን 68 ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷን ያማታል። ቢሾፍቱን ደጋግመን አይተነዋል፣ ዘንድሮ ወንጪ ልንሄድ አስበናል። በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ይሆናል? ልጆቹ ሐይቁ ውስጥ መዋኘት ይችላሉ? እናቴንስ ቤት ትቻት ልሂድ? ደንዲ ይሻላል የሚሉኝም አሉ።»

እህቴ፣ ሐሳብሽ ደስ ይላል። እንግዳ ይዤ ወንጪ መመላለስ ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። አንድ ነገር ብቻ ከኔ ብትወስጂ ይህንን ውሰጂ፦ ወንጪ ስትሄጂ ቀኑን ከመነሻው ሳይሆን ከመውጫው ጀምረሽ ቁጠሪ። ቢሾፍቱ መኪናሽን አቁመሽ ሐይቁን እያየሽ ቡና ትጠጫለሽ፣ ስትጨርሺ ትነሻለሽ። ወንጪ እንደዚያ አይደለም። ሐይቁ ጉድጓድ ውስጥ ነው። የወረደ ሁሉ መውጣት አለበት።

ይህን የተማርኩት በራሴ ጥፋት ነው። አንድ መስከረም ላይ እንደናንተው ከውጭ የመጣ ቤተሰብ ይዤ ወረድኩ። አደይ አበባው ዳገቱን አልብሶት ነበር፣ ልጆቹ ከዚያ አልላቀቅ አሉ። ታንኳውም ጊዜ ወሰደ። 9 ሰዓት ላይ ገና ከውሃው ዳር ነበርን። ልክ መውጣት ስንጀምር ዝናቡ መጣ። ቀዩ አፈር ሲረጥብ እንደ ሳሙና ነው። አባትየው ጤነኛና ጎልማሳ ሰው ናቸው፣ ግን አገር ቤት ከገቡ ገና ሁለተኛ ቀናቸው ነበር። በየሃያ እርምጃው ይቆማሉ። ከንፈራቸው ነጣ። ትንሿ ልጅ «አባዬ ምን ሆነ?» እያለች ትጠይቀኛለች። አፋፉ ላይ ስንደርስ ጨልሟል። ምንም አልሆኑም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ግን ያን ቀን ሰዓት የያዝኩት «ስንት ሰዓት እንነሳለን» ከሚለው ነበር። «ስንት ሰዓት ከታች መነሳት አለብን» ብዬ ብጀምር ኖሮ አይደርስብንም ነበር።

ቦታው ምን ዓይነት እንደሆነ ላስረዳሽ፤ ምክሩ ሁሉ ከዚያ ይመጣልና። ወንጪ የጠፋ እሳተ ገሞራ አፍ ነው። የተራራው ጫፍ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,380 ሜትር ይበልጣል። ሐይቁ ራሱ ከ2,800 ሜትር በላይ ላይ ተኝቷል። አዲስ አበባን በአማካይ 2,350 ሜትር አካባቢ ብንል ሐይቁ ዳር ስትቆሚ እንኳን ከከተማሽ በጣም ከፍ ብለሻል ማለት ነው። ላንቺ ልዩነቱ ብዙ ላይታወቅሽ ይችላል። እህትሽና ልጆቿ ግን የሚመጡት ከባሕር ወለል ብዙም ከማይርቅ አገር ነው። 3,000 ሜትር ላይ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን እነሱ ከለመዱት 70 በመቶ ገደማ ነው። ራስ ምታት፣ ቶሎ መድከም፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ ሌሊት እንቅልፍ መቆራረጥ፣ እነዚህ ከዚያ ይመጣሉ።

ስለዚህ ከቦሌ በወረዱ ማግስት እንዳትወስጃቸው። ቢያንስ ሦስት አራት ቀን አዲስ አበባ ይቀመጡ፣ ሰውነታቸው ይልመድ። በጉዞው ቀን ውሃ ደጋግመው ይጠጡ። ማታውን መጠጥ ይቅርባቸው። ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ማስመለስ ከጀመረ ወይም ልጅ ያለ ወትሮው ከፈዘዘ፣ «ትንሽ ይረፍና እንቀጥላለን» አይባልም። ወደ መኪና ገብቶ ወደ ወሊሶ ዝቅ ማለት ነው። ዝቅ ያለ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይቀለዋል።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄሽ። በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ይቻላል። ብዙ ሰው ያደርገዋል። ለናንተ ግን አልመክርም።

አብረን እናስላው። በወሊሶ በኩል ከሄድሽ አዲስ አበባ ወሊሶ 114 ኪሎ ሜትር ነው። ከወሊሶ ወንጪ ሌላ ወደ 40 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ዳገት አለ። ዓለም ገናና ሰበታ ላይ የሚያስቆምሽን መጨናነቅ ጨምሪበት። ጠዋት 12 ሰዓት ብትነሱ፣ ቱሉ ቦሎ ቁርስ ቢጤ ቀምሳችሁ፣ አፋፉ ላይ 4 ሰዓት ትደርሳላችሁ። መውረጃው ከልጅ ጋር አንድ ሰዓት። በታንኳ ሐይቁ ውስጥ ወዳለው ደሴትና ቤተ ክርስቲያን ደርሶ መመለስ አንድ ሰዓት ተኩል። ምሳና እረፍት አንድ ሰዓት። 7 ሰዓት ተኩል ላይ መውጣት ትጀምራላችሁ፣ 9 ሰዓት አፋፉ ላይ ናችሁ። ዕቃ ተሸክፎ፣ ልጆች ሽንት ቤት ሄደው፣ 9 ተኩል ትንቀሳቀሳላችሁ። ጀምበር የምትጠልቀው 12 ሰዓት አካባቢ ነው። ምንም ነገር ሳይበላሽ እንኳን ከተማ የምትገቡት ከመሸ በኋላ ነው ማለት ነው። አንድ ጎማ ከተነፈሰ ወይም አንድ ልጅ ካኮረፈ ጨለማው ገና ከከተማ ርቃችሁ ሳላችሁ ያገኛችኋል። የከተማ ውጭ መንገድ ማታ የሚነዳ አይደለም። ከብት አለ፣ መብራት የሌለው ጋሪ አለ፣ በጥቁር ጋቢ ዳር ዳሩን የሚሄድ ሰው አለ።

ስለዚህ ሁለት ቀን አድርጉት። አርብ ከሰዓት ተነስታችሁ ወሊሶ እደሩ። ወሊሶ ከፍታዋ ዝቅ ያለ ስለሆነ ለእንግዶቹም ለእናትሽም እንቅልፍ ይሻላል። ቅዳሜ ማለዳ ተነሱ፣ 2 ሰዓት ተኩል ላይ አፋፉ ላይ ቁሙ። በዚያ ሰዓት ሐይቁ ላይ ጉም ተኝቶ ታገኙታላችሁ። እየሞቀ ሲሄድ ጉሙ እንደ ጋቢ ከውሃው ላይ ይገፈፋል፣ ደሴቱ መጀመሪያ ይወጣል፣ ከዚያ ማዶው። እኔ ስንቴ አይቼው አልጠገብኩም። ጊዜ ካላችሁ መመለሻውን በአምቦ አድርጉት፤ ልጆቹ አምቦ ውሃ ከየት እንደሚመጣ ያያሉ፣ መንገዱም አይደገምባችሁም። እዚያው ወንጪ ማደርም ይቻላል። በገበታ ለሀገር ፕሮጀክት ማረፊያ ተሠርቷል። ግን ታህሳስና ጥር ሌሊቱ ውርጭ ነው። ከአሜሪካ ክረምት የሚመጣ ሰው «ኢትዮጵያ ሞቃት ናት» ብሎ ወፍራሙን ጃኬት ትቶት ይመጣል። ከወዲሁ ንገሪያት።

ስለ ወቅቱ ዕድለኞች ናችሁ። ክረምቱ ከሰኔ እስከ መስከረም ነው፤ ያኔ ጭቃው አያስኬድም፣ ጉሙም ሐይቁን ውጦት ሊውል ይችላል። ጥር ላይ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። አንድ ነገር ግን ልብ በይ። ከገና በፊት ጾመ ነቢያት ነው። እናትሽ የሚጾሙ ከሆነ ሳይበሉ እስከ ቀትር መቆየትና በዚያ ከፍታ መንቀሳቀስ አይገጥምም፣ የወሊሶም ክትፎ ያልፋቸዋል። ከገና በኋላ ያለው ቅዳሜ ለሁላችሁም ይመቻል። ጥር 15 የቂርቆስ ንግሥ ነው። ደሴቱ ላይ ያለው ቤተ ክርስቲያን የቅዱስ ቂርቆስ ስለሆነ በዚያ ቀን ሕዝቡ ብዙ ነው፣ ታንኳው ወረፋ ነው። ለማንገሥ ከሆነ ጥሩ። ልጅ ይዞ ለመዝናናት ከሆነ ሌላ ቀን ይሁን።

መዋኘት። አይሆንም። እዚህ ላይ «እንደ ሁኔታው» አልልሽም።

ምክንያቱን ለልጆቹም ንገሪያቸው፣ ይገባቸዋል። ከላይ ወደ ታች የምታዩት ገደል ውሃው ጋ ሲደርስ አያበቃም። ከውሃው በታችም ይቀጥላል። እንደ ባሕር ዳርቻ ቀስ እያለ የሚጠልቅ አሸዋ የለም። ሐይቁ መሐሉ ከ100 ሜትር በላይ እንደሚጠልቅ ተለክቷል። ዳር ላይ ሁለት እርምጃ ጉልበትሽ ድረስ ይሆንና ሦስተኛው ላይ እግርሽ መሬት ያጣል። ውሃው ደግሞ ቀዝቃዛ ነው። ድንገት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የገባ ሰው ሳይፈልግ አፉን ከፍቶ አየር ይስባል፤ ጭንቅላቱ ውሃ ውስጥ ከሆነ የሚስበው ውሃ ነው። አሜሪካ መዋኛ ገንዳ ውስጥ ጎበዝ የሆነ ልጅ እዚህ ጎበዝ አይደለም። እግራቸውን ዳር ላይ፣ እጃቸውን ይዘሽ፣ ነከር ያድርጉ። ይበቃል። ውሃ ውስጥ መግባት ካማራቸው ከሐይቁ ማዶ ሸለቆው ውስጥ ፍል ውሃ አለ፤ እሳተ ገሞራው ከሥር ሙቀቱን ሙሉ በሙሉ አልለቀቀም። ግን ወደዚያ የሚወስደው መንገድ ረጅም ነው። ከ6 ዓመት ልጅ ጋር በዚሁ ቀን መጨመሩ ያደክማል።

ታንኳ ላይ ስትወጡ ለእያንዳንዱ ሰው ላይፍ ጃኬት ጠይቂ። ለትንሹ ልጅ የአዋቂ ጃኬት እንዳይሰጡሽ። መሞከሪያው ቀላል ነው። አልብሰሽው፣ ዘለበቱን ሁሉ ቆልፈሽ፣ ሁለቱን ትከሻ ይዘሽ ወደ ላይ ሳቢው። ጃኬቱ አገጩን አልፎ ጆሮው ጋ ከደረሰ ያ ጃኬት ውሃ ውስጥ ሾልኮ ይወጣል፣ ልጁን አይዘውም። ልኩ ከሌለ ልጁን ይዞ ታንኳ አለመውጣት ነው። እኔ እንግዳ አኩርፎብኝም ቢሆን ታንኳ ዳር ድረስ ወርጄ የመለስኩበት ጊዜ አለ። ሌላው፣ ጠዋት ተሻገሩ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሳል፣ ውሃው ይናወጣል። ፎቶ ለመነሳት ታንኳ ላይ መቆም የለም።

ደሴቱ ላይ ስትደርሱ ገዳም ውስጥ እንደገባችሁ አስቡ። ነጠላ ያዙ። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት አባቶችን አስፈቅዱ።

እናትሽን ቤት እንዳትተዪያቸው። ለሳቸው የሚሆነውን ልንገርሽ። መጀመሪያ፣ ግፊት ወይም የልብ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ከጉዞው በፊት ሐኪማቸውን ይጠይቁ። ይህን ካለፍን ጉልበት ብቻ ከሆነ ችግሩ ዳገቱ ሳይሆን ቁልቁለቱ ነው። ጉልበት የሚያመው ሰው ሲወጣ ይደክመዋል፣ ሲወርድ ግን ያመዋል። በር ላይ ስትደርሱ መኪና ወደ ሐይቁ እስከ የት ድረስ እንደሚወርድ ጠይቂ፤ የሚሄድበትን ያህል ሂዱበት። ከዚያ የቀረውን በፈረስ።

ፈረሶቹ የአካባቢው ሰዎች ንብረት ናቸው፤ በወረፋ ነው የሚሠሩት። ዋጋውን ከመነሳታችሁ በፊት፣ መውረጃውን፣ መጠበቂያውንና መውጫውን ለይታችሁ ጨርሱ። ዝርዝር ብር ያዙ። ለእናትሽ «ዝም ያለውን ስጡን» በይ፣ ባለ ፈረሶቹ የትኛው እንደሆነ ያውቃሉ። ልጓሙን ባለቤቱ ይያዝ እንጂ እሳቸው አይያዙ። እርካቡ ውስጥ የሚገባው የእግር ፊት ብቻ ነው። ጫማው ሙሉ ገብቶ ከተቀረቀረ ሲወድቁ ፈረሱ ይጎትታል። ቁልቁል ሲሆን ወደ ኋላ ለጠጥ፣ ዳገት ሲሆን ወደ ፊት ጎንበስ። አንድ ጊዜ በእናትሽ ዕድሜ ያሉ እናት ይህን ስነግራቸው ሳቁና «ልጄ፣ እኔ በበቅሎ ነው ያገባሁት» አሉኝ። ከሁላችንም ቀድመው ከች አሉ። እናትሽ ግን ፈረሱን አይተው «ይቅርብኝ» ካሉ አትገፋፊያቸው። አፋፉ ላይ ወንበር፣ ጋቢና ፔርሙዝ ሻይ አዘጋጁላቸው፣ አንድ ሰው አብሯቸው ይቀመጥ። ሐይቁ ሙሉ የሚታየው ከላይ ነው። ሻይውን ከወሊሶ አፍልታችሁ ያዙት፤ በዚያ ከፍታ ውሃ በ90 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ቶሎ ይበርዳል፣ ድንችም ለመብሰል ይቆያል።

ከፀሐይ ተጠንቀቁ። ብርዱ ያታልላል። ነፋሱ ፊትሽን እያቀዘቀዘው ፀሐይዋ ታቃጥላለች፤ ከፍታው ሲጨምር ጨረሩን የሚያጣራው አየር ይሳሳል። የልጆቹን ጆሮና አንገት ሰንስክሪን ቀቢያቸው፣ ባርኔጣ ይልበሱ።

ልጆቹ ሲወርዱ የሚያዩት ነገር ብዙ ነው፣ አታጣድፊያቸው። አፋፉ አካባቢ አስታ አለ፣ ጽድና ኮሶም ታገኛላችሁ። ኮሶን አሳዪያቸው፤ ቅርፊቱ እየተላጠ የሚንጠለጠል ትልቅ ዛፍ ነው፣ እናትሽ የኮሶ መድኃኒት ወሬ አያጡም። ዝቅ ስትሉ በየቤቱ ጓሮ እንሰት አለ። ልጆቹ «ሙዝ!» ማለታቸው አይቀርም። አቁሚና ፍሬውን ፈልጉ በያቸው፤ የሚበላው ፍሬው ሳይሆን ግንዱና ሥሩ እንደሆነ፣ ተፍቆ ጉድጓድ ውስጥ ተቀብሮ ከርሞ ቆጮ እንደሚሆን ያኔ ንገሪያቸው። የቤቱ እናት ፈቅደው ጉድጓዱን ከከፈቱላችሁ ሽታው ልጆቹን አፍንጫ ያስይዛቸዋል። ከዚያ ቆጮውን በጎመንና በአይብ ቀምሰው ይግቡ። ማሩንም እዚያው ከሰዎቹ ግዙ። የወንጪ ማር ስም ያለው ማር ነው።

ይህን የምልሽ ሰዎቹ እዚያ ስለሚኖሩ ነው። ወንጪ በ2021 መጨረሻ ከተባበሩት መንግሥታት የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ተብሎ ተመርጧል። የተመረጠው «መንደሩ» እንደሆነ አስተውይ። የምትራመዱበት መንገድ የሰው ማሳ ዳር ነው፣ ዛፉ የሰው ጥላ ነው። ሰው ስታገኙ በኦሮምኛ «አካም ጅርቱ» በሏቸው። ልጆቹ «ገላቶማ» የሚለውን ይልመዱ፤ ምስጋና ነው። ፊቶች ሲፈኩ ታያላችሁ። ለሚከተሏችሁ ሕፃናት ከረሜላና ብር አትስጡ፣ ከትምህርት ቤት ያስቀራቸዋል። ፌስታልና የውሃ ጠርሙስ የያዛችሁትን በሙሉ ይዛችሁት ውጡ። እዚያ ጉድጓድ ውስጥ የወደቀ ላስቲክ ነፋስ አይወስደውም፣ መጨረሻው ሐይቁ ነው።

ስለ መኪናው ትንሽ። የሚነዳው ሰው ቁልቁለት ላይ ፍሬን ረግጦ ብቻ እንዳይወርድ፣ በከባድ ማርሽ ይውረድ። የኤሌክትሪክ መኪና ከሆነ የያዛችሁት፣ ወደ ወንጪ ያለው ዳገት ባትሪውን በሜዳው ላይ ከለመዳችሁት በበለጠ ይበላዋል። ደርሶ መልሱ 300 ኪሎ ሜትር ነው፤ ቻርጅ የምታደርጉበትን ቦታ ወሊሶ ላይ ሳታረጋግጡ አትውጡ። ከመነሳታችሁ አንድ ቀን ቀደም ብለሽም የምታድሩበት ቦታ ደውለሽ የመንገዱን ሰላም ጠይቂ። «አሁን ባትመጡ ይሻላል» ካሉሽ ስሚያቸው። ሐይቁ የትም አይሄድም።

ደንዲን ያነሱልሽ ሰዎች አልተሳሳቱም። ደንዲ የወንጪ ጎረቤት ነው፣ በጊንጪ በኩል ይገባል። ሁለት ክብ ውሃ ተጣብቀው የ8 ቁጥር ቅርጽ ሠርተዋል። ሰው ብዙም ስለማይበዛበት ጸጥ ይላል። ወንጪን ላየና በእግር መሄድ ለሚወድ ሰው እኔ ደንዲን አስቀድማለሁ። ለናንተ ግን ከልጅም ከእናትም ጋር ስለሆናችሁ ፈረስ፣ ታንኳ፣ ሽንት ቤትና የሚበላ ነገር በቅርብ ያለበት ወንጪ ይሻላል። ደንዲ አንቺና እህትሽ ብቻችሁን ለምትሄዱበት ቀን ይቆይ።

እና ከታች ስትነሱ አንድ ዘዴ። ሐይቁ ዳር ምሳ ከመክፈታችሁ በፊት ለመውጫው ፈረስ ያዙ፣ ለትንሹ ልጅም ጭምር። «ሲወርድ ሮጦ ነው የወረደው» ብለሽ እንዳትተዪው። መውጣት ሲጀምር ነው የሚቀመጠው። ምሳ ሰዓት ላይ ሁሉም ሰው ፈረስ ይፈልጋል፣ ዳገቱ መሐል ላይ ደግሞ አይገኝም።